በጡረተኞች መንደር ለወታደር፣ ለቬተራንና ለጎረቤት የሚደርስ የበጎ ፈቃድ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

አሜሪካ ውስጥ ለጡረተኛ ተብሎ የተሠራ መንደር የቆየ ነገር ነው። አሪዞና ያለው ሰን ሲቲ የተከፈተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፍሎሪዳ እስከ ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለው ሰፈር እንደ አሸን ፈልቷል። በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ግቢ «55 እና ከዚያ በላይ» ለመባል ሰው ካለባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ ዕድሜው 55 የሞላ ሰው መኖር አለበት።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ግቢ ውስጥ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ልብስ ሰፊና አስተማሪ አሉ። ጊዜ አላቸው፣ ሙያ አላቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው ወታደር ነበሩ፣ ወይ ባላቸው ነበር፣ ወይ የልጅ ልጃቸው አሁን አገልግሎት ላይ ነው። ከኛም ወገን በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ የአዛውንት አፓርታማዎች ውስጥ የሚኖር ብዙ ሰው አለ። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ምን እረዳለሁ?» የሚሉ እናቶችና አባቶች ይህን መመሪያ ያንብቡት። ካርቶን ለማሸግ፣ ኮፍያ ለመሥራት፣ የጎረቤትን በር ለማየት እንግሊዝኛ እምብዛም አያስፈልግም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ እንዳየሁት እንዲህ ያለ ቡድን የሚፈርሰው ሳይጠይቅ ስለሚሰጥ ነው። ያገለገለ ብርድ ልብስ ይሰበስባል፣ የሚወስደው ያጣል፣ ክምሩ ክለብ ሀውስ (የግቢው መሰብሰቢያ) ውስጥ አቧራ ይጠጣል፣ ሰዉም ይሰለቻል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው መጠየቅን በማስቀደም ነው።

1. መጀመሪያ ማን እንዳለ እወቁ

አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። የግቢውን አስተዳደር አስፈቅዱና በየፖስታ ሳጥኑ ወይም በየበሩ ሥር አስገቡ። ጥያቄዎቹ ከአምስት አይብለጡ፦ ውትድርና አገልግለው ያውቃሉ? ከቤተሰብዎ አሁን በውትድርና ላይ ያለ አለ? ምን እርዳታ ይፈልጋሉ? ምን መርዳት ይችላሉ? በስልክ እንዲደወልልዎ ይፈቅዳሉ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ «ቬተራን ነዎት?» (የቀድሞ ወታደር ነዎት? ማለት ነው) ብላችሁ አትጻፉት። ጦር ሜዳ ያልወጣ ሰው፣ በተለይ በጽሕፈትና በነርስነት ያገለገሉ ሴቶች፣ ራሳቸውን እንደዚያ ስለማይቆጥሩ «አይደለሁም» ብለው ያልፋሉ። «አገልግለው ያውቃሉ?» ሲባሉ ግን ይመልሳሉ።

መልሱ ሲመጣ በዕድሜ ለዩት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰው ካለ ዕድሜው ወደ 100 ይጠጋል ወይም አልፏል። የኮሪያዎቹ 90ዎቹ ውስጥ ናቸው። አብዛኛው የምታገኙት የቬትናም ዘመን ሰው ነው። የኢራቅና የአፍጋኒስታኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የነዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ከኮሪያ ዘማቾች መካከል በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ያገለገለ ካጋጠማችሁ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ንገሩት። በ1951 ኮሪያ የደረሰው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ የተመደበው እዚያው ክፍለ ጦር ሥር ነበር። ከዚህ የተሻለ የጨዋታ መክፈቻ አታገኙም።

በዚህ አጋጣሚ፦ በኢትዮጵያ ጦር ያገለገሉ አባቶችም በየአፓርታማው አሉ። የአሜሪካን የቬተራን ጥቅማ ጥቅም በዚያ አገልግሎታቸው ማግኘት አይችሉም። ኖቬምበር 11 በምታዘጋጁት የቡና ፕሮግራም ላይ ግን ቦታቸው ከሌላው ቬተራን ጎን ነው። ጥሩልኝ።

2. ትንሽ ሆናችሁ ጀምሩ

ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል መዝለል ይችላል። አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ። በቃ። ስብሰባ በወር አንዴ፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይቀየር። ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ይበዛል፣ ማታ መንዳት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው።

ሦስቱን ሥራ በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ከጎረቤት ጀምሩ። ሰው ካመናችሁ በኋላ የወታደሩ ካርቶን ራሱን ይሞላል።

3. ባሕር ማዶ ላለ ወታደር ጥቅል መላክ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን?» የሚል ነው። ድሮ «ለማንኛውም ወታደር» ብሎ መላክ ይቻል ነበር። በ2001 በፖስታ አንትራክስ የተባለ ገዳይ ባክቴሪያ ከተላከ በኋላ ያ አሠራር ተቋርጧል። አሁን የወታደሩ ስምና የጦር ክፍሉ አድራሻ ያስፈልጋል። ስም የምታገኙት ከግቢያችሁ ነው፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ ውጭ እንዳለ ወረቀታችሁ ይነግራችኋል። ከኛ ማኅበረሰብም የአሜሪካን ወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ብዙ ነው። በ2008 በተጀመረው፣ ቋንቋ የሚችሉ መጤዎችን ወደ ጦሩ ባስገባው ፕሮግራም ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ስም ካጣችሁ ደግሞ እንደ ኦፐሬሽን ግራቲቲውድ ላሉ ከ2003 ጀምሮ ይህን ለሚሠሩ ድርጅቶች ዕቃና ደብዳቤ መላክ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስጠንቅቅ። የወታደሩን ስም፣ ክፍልና አድራሻ ፌስቡክ ላይ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ አትለጥፉ። የካርቶኑን ፎቶ ስታነሱ የአድራሻው ጎን ወደ ታች ይሁን።

አድራሻ አጻጻፉ ቀላል ነው፣ ግን የሚሳሳተው ብዙ ነው። የአገሩንና የከተማውን ስም አትጻፉ። በከተማው ቦታ ኤፒኦ (APO)፣ ኤፍፒኦ (FPO) ወይም ዲፒኦ (DPO) ይገባል፤ የመጀመሪያው ለምድር ጦርና ለአየር ኃይል፣ ሁለተኛው ለባሕር ኃይል፣ ሦስተኛው ለኤምባሲ። በስቴቱ ቦታ ደግሞ ኤኢ (AE፦ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ አፍሪካ)፣ ኤፒ (AP፦ ፓስፊክ) ወይም ኤኤ (AA፦ የአሜሪካ አህጉራት) ይጻፋል። የአገሩን ስም ከጨመራችሁ ጥቅሉ በዚያ አገር ሲቪል ፖስታ ቤት በኩል ሊሄድና ሊጠፋ ይችላል። በትክክል ከጻፋችሁት ግን ባግዳድ ቢሄድም የምትከፍሉት የአገር ውስጥ ዋጋ ነው።

ካርቶኑን አትግዙ። ፖስታ ቤቱ በነፃ የሚሰጠው ትልቁ ባለ አንድ ዋጋ ካርቶን አለ፤ 12 በ12 በ5 ተኩል ኢንች ገደማ ነው። እስከ 70 ፓውንድ የፈለጋችሁትን ብትሞሉበት ዋጋው አይለወጥም፣ ለወታደር አድራሻ ደግሞ ቅናሽ አለው። የጉምሩክ ቅጹን ኦንላይን ሙሉ። «ልዩ ልዩ» ብሎ መጻፍ አይሠራም፤ «ካልሲ 6፣ ቡና 2 ፓኬት፣ የከንፈር ቅባት 4» ተብሎ ይዘርዘር።

ምን ይግባ? ወታደሩን ወይም እናቱን ጠይቁ። መልስ እስኪመጣ የማይሳሳቱት እነዚህ ናቸው፦ ወፍራም ካልሲ፣ የእግር ዱቄት፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ የከንፈር ቅባት፣ ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ የመጠጥ ዱቄት፣ የደረቀ የበሬ ሥጋ፣ ለውዝ፣ የመጫወቻ ካርታ፣ ቡና።

ቡናችንን ላኩ እንጂ! የተፈጨና በፋብሪካ የታሸገ ይሁን፤ ጀበና የሚያስጥድ ጊዜ የለውም። በርበሬ ግን በላስቲክ ቋጥራችሁ አትክተቱ። ስም ያልተጻፈበት ቀይ ዱቄት ፖስታ ቤት ውስጥ ቢፈስ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። ዳቦ ቆሎ ለገዛ የልጅ ልጃችሁ ከሆነ ይሁን። ለማያውቃችሁ ወታደር ከሆነ ግን የታሸገ የሱቅ ምግብ ብቻ፤ ከማያውቀው ቤት የመጣ ምግብ አይበላም፣ አይፈረድበትም።

የማይገባው፦ በአየር የሚረጭ ቆርቆሮ፣ ክብሪት፣ ላይተር፣ በበጋ ቸኮሌት። ፓወር ባንክ ከመላካችሁ በፊት ፖስታ ቤት ጠይቁ። ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በሚሄደው ውስጥ የአሳማ ሥጋ፣ አልኮልና የወሲብ ምስል ክልክል ነው። እያንዳንዱ ወታደራዊ ዚፕ ኮድ የራሱ ክልከላ ስላለው በፖስታ ቤቱ ዝርዝር ላይ አረጋግጡ። ሳሙናን ከምግብ ለዩት። ሁለቱንም በሚዘጋ ላስቲክ ለየብቻ ካላሸጋችሁ ሙቀቱ ብስኩቱን ሁሉ ሳሙና ሳሙና ያስለዋል።

ስለ ኮፍያ ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም ሹራብ የሚሠሩ እናቶች የሌሉበት ግቢ የለም። ከሄልሜት ሥር የሚለበሰው ኮፍያ ከ100 በመቶ ሱፍ መሆን አለበት። አክሪሊክ ክር ርካሽና ለስላሳ ነው፣ እሳት ሲነካው ግን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ክር ሲገዛ አንድ ሰው መለያውን ያንብብ፣ «ቅይጥ» የሚል ካለ ይመለስ። ቀለሙ ጥቁር፣ ቡናማ ወይም የአሸዋ መልክ ይሁን። የተረፈው አክሪሊክ ቬተራን ቁጭ ሲል ጉልበቱ ላይ የሚጥለው ልብስ ይሆናል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ፖለቲካ የለም፣ የሞት ወሬ የለም። ስማችሁን ብቻ ጻፉ፣ የቤት አድራሻ አትጻፉ። የልጅ ልጆች ካርድ ከሠሩ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አይጠቀሙ፤ ዕቃ ላይ ሁሉ ይበተናል፣ አይለቅም። ለፈረንጆቹ ገና እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ላኩ።

4. ለቬተራን

እዚህ ላይ ድንበር አለ። ድንበሩን ካላወቃችሁ ደግ ስትሠሩ ሰው ትጎዳላችሁ።

የቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም «ቪኤ» የሚለው፣ የካሳ ማመልከቻ በማዘጋጀት እንዲረዳ የሚፈቅደው እሱ ዕውቅና ለሰጠው ሰው ነው። እናንተ ቅጹን አትሙሉ። ሥራችሁ ሰውዬውን ከዕውቅና ካለው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩና ዲኤቪ የተባሉት የቬተራን ማኅበራት እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች አሏቸው፣ አገልግሎቱም በነፃ ነው። ብዙ ካውንቲም የራሱ አለው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ መጠየቅ በሕግ አይፈቀድም። «ወረቀትህን እኔ አስጨርሳለሁ፣ ከምታገኘው ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ደዋይ የሚያድነው በአዛውንት መንደር ነው። ይህን በትልቁ ጽፋችሁ ክለብ ሀውስ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ወረቀት መኖሩን ጠይቁ፤ ዲዲ 214 ይባላል፣ የስንብት ወረቀቱ ነው። ያለሱ ብዙ በር አይከፈትም። በጁላይ 1973 ሴንት ሉዊስ ባለው የመዝገብ ማዕከል እሳት ተነስቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል አጥፍቷል። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው ገደማ ያኔ ተቃጥሏል። የኮሪያ ዘማቹ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በድሮ ቦርሳ ውስጥ ያለችው ቅጂ ምናልባት የመጨረሻዋ ናት። ስካን አድርጉለት፣ ዋናውን በእጁ መልሱለት። ከጠፋ ከማዕከሉ በነፃ መጠየቅ ይቻላል።

የቬትናም ዘማች ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ከ2022 ወዲህ የቬተራን ጉዳይ ባለሙያ አነጋግረዋል?» በዚያ ዓመት ኦገስት የወጣው የፓክት ሕግ የደም ግፊትን በቬትናም ይረጭ ከነበረው ኤጀንት ኦሬንጅ ከተባለው ኬሚካል ጋር አያይዞታል። ድሮ «አይመለከትህም» ተብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንደገና ማመልከት ይችላል። ባላቸው የሞተባቸውን ሴቶችም አትርሱ። ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ ክፍያ መኖሩን ሳይሰሙ የሚኖሩ አሉ።

ሐኪም ቤት ማመላለስ ሁሌም ይፈለጋል። ዲኤቪ በቪኤ ሆስፒታሎች በኩል በበጎ ፈቃደኛ ሾፌሮች የሚሠራ የቫን አገልግሎት አለው። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱ ይጣራል፣ ጤናው ይመረመራል። አብዛኞቹ ቫኖች ዊልቸር ስለማይጭኑ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ቀድማችሁ ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። በጎ ፈቃደኞችን ከክስ የሚጠብቀው የ1997ቱ የፌዴራል ሕግ በመኪና የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም።

ጨዋታ የሚወድ ቬተራን ካለ ታሪኩን ቅዱለት። ኮንግረስ በ2000 ያቋቋመው የቬተራኖች ታሪክ ፕሮጀክት የማንኛውንም አሜሪካዊ ቬተራን ቃለ መጠይቅ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጣል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ መቆራረጥ የለበትም። ስልክ በቂ ነው። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ካለበት ክፍል ውጡ። «የት ተወለዱ? መጀመሪያ ቀን ምን አበሏችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። «ሰው ገድለዋል?» ብሎ ነገር በጭራሽ አይጠየቅም። ዝም ካለ ዝም በሉ።

አንድ ቬተራን «ሕይወቴ ሰልችቶኛል» የሚል ነገር ከተናገረ ምክር አትስጡ፣ አብራችሁት ሆናችሁ 988 ደውሉና 1ን ተጫኑ። ቀንም ሌሊትም ሰው ያነሳል። ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ስልክ ውስጥ ይግባ።

የሞተ ዕለትም ሥራ አላችሁ። በክብር የተሰናበተ ቬተራን ባንዲራ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ በብሔራዊ መቃብር ቦታና ቢያንስ ሁለት ወታደሮች የሚገኙበት የክብር ሥነ ሥርዓት በነፃ ይገባዋል። ለቀብር አስፈጻሚው መናገር ያለበት ግን ቤተሰቡ ነው። ሐዘን ላይ ሆኖ ማን ያስታውሳል? እናንተ አስታውሱ። ስንብት ወረቀቱን ያኔ ስካን ያደረጋችሁት ለዚህም ነው።

5. ለጎረቤት

የበር ላይ ምልክቱ ከሁሉም ርካሹና ጠቃሚው ነው። ሆቴል በር ላይ እንደሚሰቀለው ያለ ካርድ ሥሩ። ጎረቤት ማታ ሲተኛ ውጭ እጀታው ላይ ይሰቅለዋል፣ ጠዋት ሲነሳ ያነሳዋል። 3 ሰዓት ጠዋት ላይ አንድ ሰው ኮሪደሩን ይዞራል። ካርዱ ካልተነሳ ያንኳኳል። መልስ ከሌለ ይደውላል። ያም ካልሆነ ቁልፍ ያለውን የአስተዳደር ሠራተኛ ይጠራል፣ ወይም 911 ይደውላል። በር ሰብሮ መግባት የለም።

ለየብቻው በቆመ ቤት ለሚኖሩና በተለያየ ሕንፃ ላሉ ስልክ ይሻላል። ስትደውሉ «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» ብቻ አትበሉ። የኛ ሰው አልጋ ላይ ወድቆም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። «ትናንት ማታ ምን በሉ? እግርዎ እብጠቱ እንዴት ሆነ?» በሉ። ከድምፁ ታውቁታላችሁ።

እያንዳንዱ ቤት ፍሪጅ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማቸው ነገር፣ የሐኪማቸው ስልክ፣ የሚጠራ ቤተሰብ። አምቡላንስ ሠራተኞች ፍሪጁን ማየት ልማዳቸው ነው። በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ አይጠቅማቸውም፤ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ለባለቤቱ ደግሞ ከሥር በአማርኛ።

ማስተርጎም የምንወደው ሥራ ነው፣ ሆኖም ሐኪም ፊት አትግቡበት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እማማ «አማርኛ» የሚል ካርድ ይዘው ይግቡ፣ ከአስተርጓሚ ጋር በስልክ ይገናኛሉ። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ አማርኛ የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እናንተ የምትረዱት የቤት ኪራይ ደብዳቤውን፣ የመብራት ቢሉን በማንበብ ነው። የሜዲኬር (የአዛውንት የጤና መድን) ጉዳይ ከሆነ በየስቴቱ በነፃ የሚያማክር ሺፕ የሚባል ቢሮ አለ፤ ዕቅድ መቀየሪያው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ስለሆነ ሴፕቴምበር ላይ አስታውሷቸው።

የማይደረጉ ነገሮች አሉ። የሰው ባንክ ካርድና ሚስጥር ቁጥር አይያዝም። መድኃኒት በእጅ አይሰጥም። የወደቀ ሰው አይነሳም፣ 911 ይጠራል።

6. ገንዘብና ወረቀት

በመጀመሪያው ዓመት ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የነዋሪዎች ማኅበር ወይም ቀድሞ የተመዘገበ ድርጅት ጥላ ይሁናችሁ። የራሳችሁ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በስቴቱ ተመዝገቡ፣ የግብር መለያ ቁጥር ከፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ በነፃ ውሰዱ። ዓመታዊ ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር፣ ንብረታችሁ ከ250,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለመባል በአጭሩ ቅጽ በ275 ዶላር ማመልከት ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት «የምትሰጡት ከታክስ ይቀነሳል» ብላችሁ ለሰው አትናገሩ።

ወጪ ሁሉ ደረሰኝ ይኑረው። የባንክ ሒሳቡ ሁለት ፈራሚ ይኑረው፣ ባልና ሚስት ግን አይሁኑ። ለተመዘገበ ድርጅት የሚነዳ ሰው ማይሉን ይመዝግብ፤ ከታክስ የሚቀነሰው በማይል 14 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ይጠራቀማል።

7. የዓመቱ ቀኖች

ሜሞሪያል ዴይ፣ የሜይ የመጨረሻው ሰኞ፣ የሞቱት ቀን ነው። «እንኳን አደረሰህ» አይባልም፣ ሰውዬው የጓደኞቹን ስም እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። ኖቬምበር 11፣ ቬተራንስ ዴይ፣ በሕይወት ላሉት ነው፤ የቡናው ፕሮግራም ያኔ ይሁን። ጁላይ 4 ላይ ርችቱ የሚረብሸው ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዙሪያው ጸጥ ያለ ቤት የሚያድርበት ፈልጉለት። ዲሴምበር ላይ በአርሊንግተንና በሌሎች መቃብሮች የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፣ ወፍራም ካፖርትና ጓንት ያዙ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ቡድን አባል ይታመማል፣ ልጁ ዘንድ ይሄዳል፣ ይሞታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ሰው ይወቀው፦ የካርቶኑን፣ የኮሪደሩን፣ የሒሳቡን። የስልክ ዝርዝሩ በወረቀትም ይኑር፣ በየሦስት ወሩ ይታደስ። ከዝርዝሩ ስም ስትሰርዙ የቤቱን ቁጥር አትሰርዙ። አዲስ ሰው ሲገባ ያንን የመጀመሪያ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና አንኳኩ።